ግልጽ ደብዳቤ፦ አልማዙን ሰቅላችሁ ሕፃኑን ለምን አወረዳችሁት?

ለተከበራችሁ የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣
ግልባጭ፦ ዐውደ ርእዩን ላያችሁና ወደፊትም ለምታዩ ሁሉ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ስድስት ጡረተኛ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎችና ሦስት የታሪክ መምህራን ነን። ባለፈው ዓመት፣ በጦርነት ጠፍተው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለተገኙ የባሕር አውሮፕላኖች (ውኃ ላይ የሚያርፉና ከውኃ የሚነሡ አውሮፕላኖች) አንድ ክፍል እንድናዘጋጅ ጠየቃችሁን። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን 14 ሰሌዳ ሠርተን አስረከብናችሁ። ገንዘብ አልጠየቅንም፤ ዛሬም አንጠይቅም። ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ዕለት ልጆቻችንንና የልጅ ልጆቻችንን ይዘን ስንመጣ ግን ግድግዳው ላይ ያገኘነው አምስት ሰሌዳ ብቻ ነው። ከአምስቱም ሦስቱ እኛ እንደሰጠናችሁ አልነበሩም። ሁለት ጊዜ በአካል ቀርበን፣ አንድ ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን ያገኘነው መልስ «ለተማሪ ስለሚከብድ አሳጥረነዋል» የሚል ነው።

ማሳጠርን አንቃወምም። ከመካከላችን 30 ዓመት ያስተማሩ አሉ፤ ተማሪ ምን እንደሚከብደው ያውቃሉ። ነገር ግን የወረዱትን ዘጠኝ ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ስንቆጥር፣ ከመጀመሪያው የማብራሪያ ሰሌዳ በቀር ሁሉም ስለ ሰው የሚናገሩ ሆነው አገኘናቸው። የቀሩት ስለ ሞተር፣ ስለ አልማዝና ስለ ንጉሥ ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ካታሊና ስለሚባለው የባሕር አውሮፕላን የሚናገረውን ሰሌዳ አንብባ ስትጨርስ መምህሯን «ሰው አልነበረበትም?» ብላ ጠየቀች። መምህሯ ከእኛ አንዱ ነው። ነበረበት፤ ጽሑፉንም ራሱ ነበር የጻፈው። ይህ ደብዳቤ የተነሣው ከዚያች ልጅ ጥያቄ ነው።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የከበደብን ቅሬታ ስለ ብሩም ነው።

ብሩም በምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ያለች፣ በዕንቁ ለቀማ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን የኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት የነበረችውን ጃቫን ስትወር፣ ከዚያ የሚሸሹ ሰዎች በባሕር አውሮፕላን እየተጫኑ ወደ ብሩም ይመጡ ነበር። ከመካከላቸው ሴቶችና ልጆች ብዙ ነበሩ። ማርች 3 ቀን ጠዋት በከተማዋ ወሽመጥ፣ በሮባክ፣ 15 የባሕር አውሮፕላኖች ውኃው ላይ ቆመው ነበር፤ ዶርኒዬሮች፣ ካታሊናዎችና ሁለት ሾርት ኢምፓየሮች የሚባሉ ዓይነቶች። አብዛኞቹ የኔዘርላንድስ ነበሩ። የብሩም ባሕር በአንድ ቀን ውስጥ እስከ 10 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ውኃው ሲሸሽ የባሕሩ ወለል ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ሰውን ከአውሮፕላን ወደ ምድር ማውረድ ቀላል አልነበረም፤ ወርደውም ቢሆን ከተማዋ ለዚያ ሁሉ ስደተኛ የሚሆን ማደሪያ አልነበራትም። ስለዚህ ብዙዎቹ ነዳጅ እስኪሞላና ጉዞው እስኪቀጥል ድረስ እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከቲሞር ደሴት የተነሡ ዘጠኝ የጃፓን ዜሮ ተዋጊ አውሮፕላኖች ደረሱ። በብሩም የሚከላከል አንድም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። እኛ በሙያችን የምናውቀውን እዚህ ላይ መጻፍ ግድ ይለናል፤ የካታሊና ነዳጅ የሚቀመጠው ከሰዎቹ ራስ በላይ ባለው ክንፍ ውስጥ ነው። ያ ክንፍ በጥይት ሲበሳ ከሥሩ ለተቀመጠ ሰው ምን እንደሚወርድበት መገመት አያቅትም። ከእሳቱ ያመለጠ ወደ ባሕሩ ዘለለ፤ ነዳጁ ግን በባሕሩም ላይ ይነድድ ነበር። 15ቱም የባሕር አውሮፕላኖች ወደሙ። ቁስለኞችን ይዞ ለመሸሽ የተነሣ አንድ የአሜሪካ ሊበሬተር አውሮፕላንም ባሕር ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት ከ30 በላይ ሰዎች በሕይወት የተረፈው አንድ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን የሞቱት ቢያንስ 88 ናቸው ይባላል። ከዚህ ይበልጣሉ የሚሉም አሉ፤ በየአውሮፕላኑ ስንት ስደተኛ እንደተጫነ የተሟላ መዝገብ አልነበረምና። የተገኙት የኔዘርላንድስ ሰዎች አስከሬኖች በኋላ ወደ ፐርዝ ተወስደው ካራካታ በሚባለው መካነ መቃብር ዐርፈዋል። የአውሮፕላኖቹ ስብርባሪ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት፣ ባሕሩ እጅግ በሚሸሽበት ጊዜ፣ ከፊሎቹ ከጭቃው ብቅ ይላሉ፤ ሰው በእግሩ ሄዶ ያያቸዋል። ጥልቅ ውኃ ውስጥ የቀሩትን ደግሞ ተመራማሪዎች ቆየት ብለው ፈልገው አግኝተዋል።

በዚህ ጉዳይ የሰጠናችሁ አራት ሰሌዳ ነበር። አንዱ ስለ ተሳፋሪዎቹ፣ ሁለተኛው ስለ መዝገቡ አለመሟላት፣ ሦስተኛው ስለ ኔዘርላንዳዊው አብራሪ ጉስ ቪንክል ነው። ቪንክል ከአውሮፕላን የተፈታ መትረየስ በክንዱ ደግፎ ወደ ሰማይ የተኮሰ፣ የጋለው ብረት ክንዱን የጠበሰው ሰው ነው። ሦስቱም ወርደዋል። የቀረው አራተኛው ብቻ ነው፤ የአልማዙ ሰሌዳ።

ስለ እሱ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በዚያው ዕለት ከጃቫ ስደተኞችን ጭኖ ወደ ብሩም ይመጣ የነበረ አንድ ዲሲ-3 አውሮፕላን በእነዚያው ዜሮዎች ተመትቶ ከብሩም በስተሰሜን፣ ካርኖት ቤይ በሚባል ባሕር ዳር በግድ አረፈ። አብራሪው ኢቫን ስሚርኖፍ ነበር። አውሮፕላኑ የባሕር አውሮፕላን ባይሆንም የአንድ ቀን፣ የአንድ ስደት ታሪክ ስለሆነ አብረን አቀረብነው። በውስጡ አንድ የአልማዝ እሽግ ነበር፤ ከፊሉ ተገኘ፣ ብዙው ጠፍቶ ቀረ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው፤ ሰሌዳችሁም የሚለው ይህንኑ ነው። እኛ የጻፍነው ሁለተኛ አንቀጽ ግን ነበረው፦ በዚያ አውሮፕላን አራት ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱ መካከል አንዲት እናትና ሕፃን ልጇ አሉ። ያን አንቀጽ አውጥታችሁታል። ለአልማዙ ሁለት ፎቶግራፍ ጨምራችኋል።

ከመካከላችን አንዱ ዲሲ-3 ላይ የሠራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራውን የጀመረው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን፣ ከጦርነቱ በተረፉ፣ ሲ-47 በሚባሉ የጦር ዲሲ-3ዎች ስለሆነ፣ የእኛ ትውልድ ጠጋኝ የዚያን አውሮፕላን ወለል እያንዳንዱን ሪቬት (ማያያዣ ምስማር) ያውቀዋል። ሰውየው ሰሌዳውን ሲያይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናትየዋ የት ተቀምጣ እንደነበር አሁን ቆሜ ላሳያቸው እችላለሁ።» ይህን የምንነግራችሁ ልባችሁን ለማራራት ብለን አይደለም። ለእኛ ነገሩ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሚንጋን ሰሌዳ ነው። አሁን የተጻፈው ሙሉ ጽሑፍ «በ2009 በካናዳ ባሕር ውስጥ አንድ ካታሊና ተገኘ፤ የክንፉ ርዝመት 31.7 ሜትር ሲሆን እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሩት» ይላል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ እኛው ነን የሰጠናችሁ፤ ቁጥርም እንወዳለን። ነገር ግን የሆነው ነገር ይህ ነው።

ኖቬምበር 2 ቀን 1942 በኩቤክ ግዛት፣ በሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለችው ከሎንግ ፖዋንት ደ ሚንጋን መንደር ፊት ለፊት አንድ የአሜሪካ ጦር ካታሊና ለመነሣት ሲሞክር ባሕሩ ተናውጦ ስለነበር ሳይሳካለት ቀረና ውኃ ይሞላው ጀመር። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩበት። የመንደሯ ዓሣ አጥማጆች ያን ማዕበል እያዩ በትናንሽ የመቅዘፊያ ጀልባዎቻቸው ገቡበት። አራቱን አወጡ። አምስቱ ከአውሮፕላኑ ጋር ሰመጡ። ከዚያ 67 ዓመት አለፈ። የካናዳ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የባሕር ሥር አርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በ2009 አውሮፕላኑን ወደ 40 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኙት። ቀዝቃዛው ውኃ አካሉን ጠብቆት ነበር። በ2012 የአሜሪካ ጦር ጠላቂዎቹንና ግራፕል የተባለች መርከቡን ልኮ የሰዎቹን ዐፅም ፈለገ፤ የሰው አካል ቅሪትም አገኘ። በዚያን ጊዜ፣ አደጋውን በልጅነታቸው በዓይናቸው ያዩ የመንደሯ አረጋውያን ገና በሕይወት ነበሩ።

እኛ ከዚህ ሁሉ አንድ ሰሌዳ ብቻ ቢቀር የምንመርጠው የዓሣ አጥማጆቹን ነበር። የማያውቁትን፣ ቋንቋውን እንኳ የማይጋሩትን ሰው ለማዳን በማዕበል የቀዘፉ ሰዎች ናቸው። ይህ ለተማሪ ይከብዳል ያላችሁት በምን ሚዛን መዝናችሁት ነው?

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ስሕተቱ ግን ግልጽ ነው። በአውስትራሊያ ስላለችው ስለ ኬርንስ ከተማ የሚናገረው ሰሌዳ «በ2013 ጠፍቶ በ2015 የተገኘ ካታሊና» ይላል። እኛ የሰጠናችሁ ጽሑፍ እንዲህ ነበር፦ የአውስትራሊያ አየር ኃይል ንብረት የሆነው ይህ ካታሊና ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1943 ከቅኝት ወደ ኬርንስ ሲመለስ በክፉ የአየር ጠባይ 11 ሰዎችን እንደያዘ ጠፋ፤ በ2013 አንድ ጠላቂ አገኘው፤ በ2015 አየር ኃይሉ ማንነቱን አረጋገጠ። በሁለት መስመር ማሳጠር ውስጥ 11 ሰዎችም ጠፉ፣ 70 ዓመት የጠበቁ ቤተሰቦችም ጠፉ። ይህን ለማረም የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ካመለከትን ግን ሁለተኛ ወራችን ነው።

አራተኛው ጉዳይ ንጉሠ ነገሥቱን ይመለከታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ከነበሩባት ከእንግሊዝ ጁን 24 ቀን 1940 የተነሡት ሰንደርላንድ በሚባል የባሕር አውሮፕላን ነው፤ በማግስቱ እስክንድርያ ደረሱ፤ ከዚያ በሱዳን በኩል አልፈው ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 በኦሜድላ አገራቸው ገቡ። ሰንደርላንድ ብሩም ላይ ከወደሙት ሾርት ኢምፓየሮች ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ለጦር ሥራ የተሠራ ወንድማቸው ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የባሕር አውሮፕላንን ታሪክ የሚያቀርብለት ይህ ስለሆነ በደስታ ጻፍነው። በሌላ ሰሌዳ ደግሞ፣ በኖቬምበር 1940 በዌልስ፣ ፔምብሮክ ዶክ፣ በማዕበል ምክንያት ታስሮ በቆመበት ስለሰመጠና በ2000 ስለተገኘ ቲ 9044 ስለሚባል ሰንደርላንድ ጻፍን። ሁለቱ የተለያዩ ሰሌዳዎች ነበሩ። እናንተ አንድ አድርጋችሁ፣ ከባሕር የወጣውን ሞተር ፎቶግራፍ ለጥፋችሁ፣ ከሥሩ «ንጉሠ ነገሥቱን ያመጣው አውሮፕላን በባሕር ሥር ተገኘ» ብላችሁ ጻፋችሁ።

ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያሳየን የለም። ጠየቅን፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። የአውሮፕላኑ ዓይነት አንድ መሆኑ ራሱን አውሮፕላኑን አንድ አያደርገውም። አሁን ግን የሰሌዳውን ፎቶግራፍ ያነሡ ተማሪዎች በየክፍሉ እየተረኩት ነው፤ ሁለት መምህራኖቻችን የተማሪ መልመጃ ላይ አንብበውታል። ታሪካችን ያለ ፈጠራ የሚበቃ ክብር አለው። በእኛ ስም በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መጻፉ ደግሞ ስማችንን ይነካል።

አምስተኛው፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ያለው የብረት ቁራጭ ነው። ይህ ከእኛ የመጣ አይደለም። መግለጫው «ከብሩም ባሕር የተገኘ የአውሮፕላን ስብርባሪ፣ በስጦታ የተበረከተ» ይላል። አበርካቹ አውስትራሊያ የሚኖር ወገናችን እንደሆነና በቅን ልብ እንዳመጣው ሰምተናል፤ በእሱ ላይ ምንም ክፉ ቃል የለንም። ነገር ግን የብሩም ስብርባሪዎች በምዕራብ አውስትራሊያ የቅርስ ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሰዎች ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ለማስታወሻ እያሉ እየቆራረጡ መውሰዳቸው ለዘመናት የቆየ ችግር ነው። በአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ልጆች ሞተዋል። እዚያ ቦታ ላይ የቀረ ብረት የመቃብር ድንጋይ ያህል ነው፤ ከመቃብር ድንጋይ ቁራጭ አምጥቶ በስጦታ የሚሰጥ፣ የሚቀበልም የለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ሙያችን ነው። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ተገናኝቶ ጨው ሲነካው ቶሎ ይበላል። ከጭቃ ሥር፣ አየር በማያገኝበት፣ ብዙ ዘመን ሊቆይ ይችላል፤ አውጥተው ጨውን በሥርዓት ሳያጥቡለት ካደረቁት ግን መፍረሱ ይፋጠናል። በሣጥናችሁ ያለው ቁራጭ በሪቬቶቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። አንዱ ጽዳት ሠራተኛ አቧራ መስሎት በጨርቅ ሲያብሰው ዐይተናል። አቧራ አይደለም፤ አሉሚኒየሙ ራሱ ነው እየረገፈ ያለው። ዛሬ ካላስቆማችሁት የምትመልሱት ነገር እንኳ አይኖራችሁም።

ስለ ስያሜው አንድ ቃል ብቻ። በሁሉም ሰሌዳ ላይ «የባሕር አውሮፕላን» ያልነውን «በራሪ ጀልባ» ብላችሁ ለውጣችሁታል። እነዚህ አውሮፕላኖች ሆዳቸው እንደ ጀልባ ሆኖ ውኃ ላይ የሚያርፉ መሆናቸውን እናውቃለን፤ ይህንንም በመጀመሪያው ሰሌዳ አብራርተን ነበር። እሱ ሰሌዳ ስለወረደ ግን፣ አሁን ጎብኚዎች ብሩም ላይ የወደሙት ጀልባዎች መስለዋቸው ይወጣሉ። ስያሜው ቢቆይ እንኳ ማብራሪያው ይመለስ።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ዐውደ ርእዩ ወደ ባሕር ዳር ከተማ ከመጓዙ በፊት ስለ ብሩም ተሳፋሪዎች፣ ስለ መዝገቡና ስለ ቪንክል የሚናገሩት ሦስት ሰሌዳዎች፣ የሚንጋን ዓሣ አጥማጆች ሰሌዳና የአልማዙ ሰሌዳ ሁለተኛ አንቀጽ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ቦታ ከጠበበ የሞተሮቹን ሰሌዳ አውርዱ፤ እኛ ጠጋኞቹ ፈቅደናል።

የኬርንስ ዘመን ይታረም። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን የተጻፈው የፎቶግራፍ መግለጫ ዛሬውኑ ይነሣ፤ እስካሁን ጎብኝተው ለሄዱት ትምህርት ቤቶችም ማረሚያ በደብዳቤ ይላክላቸው። የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር በእጃችሁ አለ፤ ደብዳቤውን አርቅቀን ልንሰጣችሁ ዝግጁ ነን።

የብረቱ ቁራጭ ከሣጥኑ ይውጣ፤ አበርካቹንም አነጋግራችሁ በአውስትራሊያ ኤምባሲ በኩል ወደ መጣበት የሚመለስበትን መንገድ ጀምሩ። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳያብሰው ይሁን። አቀማመጡን ሁለት ባልደረቦቻችን መጥተው ሊያስተካክሉላችሁ ፈቃደኞች ናቸው።

ወደፊት ደግሞ ሌላ የሚያጥር ነገር ቢኖር ጥሩን። ማሳጠር የሚያውቁ ሰዎች አሉን፤ አብረን እናሳጥራለን።

ይህን ለመፈጸም የማይቻል ከሆነ ዘጠኙን ሰሌዳዎች መልሱልን። የአንዱ ባልደረባችን ልጅ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ እንሰቅላቸዋለን። ያቺ የስድስተኛ ክፍል ልጅ የምትማረውም እዚያው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የበጎ ፈቃድ አዘጋጆቹ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ የአውሮፕላን አካል ጥገና ባለሙያ
ጸሐፊ፣ የታሪክ መምህር
ስለ ሰባቱ ባልደረቦቻቸውም ጭምር
አዲስ አበባ